ከሁለት ጥቁሮች የተወለደች ዳማ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ? ዓይንሽስ? ጀንበር ከጠለቀች በኋላ አትስፊ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ እያወቅሁ ነው የምደጋግመው። ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹ፣ አማትሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ጠዋት ስነሣ ወገቤን ያመኛል፤ እሱም እንደ ጎረቤት ውሻ ነው፣ ትንሽ ጮኾ ሲያውቀኝ ዝም ይላል።

በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ አፌ ተሳሰረና ስለ ዝናብ ጠይቄሽ ዘጋሁ። "ጋሼ፣ እውነት ደህና ነህ?" ያልሽኝ ለዚያ ነው። ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ሰሞኑን ደስታው እንቅልፍ ነሥቶኛል። የምጽፍልሽ ግን ስለ ፈረስ ነው። ስለ ፈረስ ማውራት እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ለምን እንደማትወጂም አውቃለሁ። ስለዚያው ስለሆነ የምጽፈው፣ ወረቀቱን ሳታጥፊ እስከ መጨረሻው እንድታነቢልኝ እለምንሻለሁ።

ማክሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት አንዲት ውርንጭላ ተወለደችልኝ። አትደንግጪ፤ ቤቴ አሁንም ያው ሁለት ክፍል ነው፣ ፈረስ የሚያቆም ቦታ የለኝም። የተወለደችው በሞባይሌ ውስጥ ነው። ቀለሟን እንዴት ላስረዳሽ? የበሰለ ኮክ ስትከፍቺ ፍሬው አጠገብ ያለውን ሥጋ አስቢ፤ እሱን በጠዋት ብርሃን እዪው። ጋማዋም ጅራቷም ከገላዋ ጋር አንድ ነው፣ ዓይኗ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ጨዋታው ዕንቁ ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ቀምሜያለሁ፤ ከነጭ፣ ከቢጫና ከትንሽ ቀይ ላወጣው ሦስት ጣሳ አበላሽቼ አልደረስኩበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ባለቤቴ እያለች በምሳ ሰዓት ከቀለም ሱቁ ደረጃውን ወደ ቤት ወጥቼ ከእሷ ጋር እበላ ነበር። ካረፈች ወዲህ ያ ደረጃ አልወጣ አለኝ፣ ምሳዬን ከቀለም ቆርቆሮዎቹ መሀል ቁጭ ብዬ መብላት ጀመርኩ። ገንዘብ ተቀባያችን አለች፣ ጠዋት ከተከፈተች እስከ ማታ ስለማትዘጋ ሬዲዮ እንላታለን። እሷ በግራ እጇ እየጎረሰች በቀኟ ሞባይሏን ትነካካለች። አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ብጠይቃት ፈረስ አረባለሁ አለችኝ። "እዚህ ሱቅ ውስጥ?" ብላት፣ "ታዲያ አንተስ እዚህ ሱቅ ውስጥ ምን ታረባለህ፣ ትካዜ?" አለችኝ። በዚያው ቀን ጌሙን ጫነችልኝ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ጋጣና ጥቂት ፈረሶች ይሰጡሻል። ሴቷን ባዝራና ወንዱን ድንጉላ ታገናኛለሽ፣ በሦስተኛው ቀን ውርንጭላ ይወለዳል። ተራው ቀለም በየጋጣው ሞልቷል፤ ማንም ያላመጣውን ቀለም ያመጣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትርኢት ላይ ይቆማል፣ ከየአገሩ ሰው ያይለታል። እኔም ይኼማ የእኔ ሙያ ነው ብዬ ገባሁበት። ነጭና ጥቁር አገናኝቼ ግራጫ ጠበቅሁ። ቀይና ነጭ አገናኝቼ እንደ ጽጌረዳ የሚሆን ነገር ጠበቅሁ። የጠበቅሁት አንዱም አልመጣም። ሬዲዮ በእኔ ስትስቅ ሰነበተች፤ "ጋሽ ብሩሽ፣ ፈረስ እኮ በዱላ አይበጠበጥም" ትለኛለች።

ከዚያ አንድ ቀን በጨዋታው ገበያ ላይ ሁለት ጥቁር ፈረሶች ቆመው አየሁ። ማንም የማይፈልጋቸው ተራ ጥቁሮች። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የአባባ የሠረገላ ፈረሶች ቁርጥ። ሳላስበው ወሰድኳቸው።

የሚቀጥለውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልጻፈው፣ ስጽፈው መሸሻ አይኖረኝም። አባባ ሠረገላቸውን ለሠርግና ለቀብር ያከራዩ ነበር፤ ጥንዶቹ ጥቁሮች ክብራቸው ነበሩ። እማማ ካረፈች ሁለተኛ ዓመታችን፣ አንቺ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ሞልቶኝ ነበር። ባዝራዋ ስታረግዝ አባባ ሦስተኛ ጥቁር መጣልኝ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። የተወለደችው ግን ቀይ ዳማ ሆነች። ከታች ሰፈር ያለው ጋሪ ነጂ ዳማ ፈረስ ነበረው። የእሱ ፈረስ ማታ ገብቶ ነው ብለው ሰዎቹ ሳቁ። የጋጣውን የኋላ በር ማታ ማታ መዝጋት የአንቺ ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ነው እኔ በአጎታችን ፊት "ሳትዘጋው ቀርታ ይሆናል" ያልኩት።

እህቴ፣ አየሁ አላልኩም። "ይሆናል" ነው ያልኩት። አባባ ዘወር ብለው "ክፍት ሆኖ አይተሃል?" ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ፣ እሳቸውም ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት። አንቺ አንድ ጊዜ "ዘግቼዋለሁ" አልሽ። ሁለተኛ አልደገምሽውም። የጋጣውን ቁልፍ ከአንገትሽ አወለቁና በሳምንቱ ስፌት እንድትማሪ ወደ አክስታችን ላኩሽ። ለምን ዝም እንዳልኩ ስጸልይ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ ለራሴ የምሰጠው መልስ ሁሉ ሽንገላ ነበር። እውነቱ ፈረሶቹ እኔ ስጠምዳቸው ጆሯቸውን ያጥፉ ነበር፣ አንቺ ስትጠሪያቸው ግን ከግቢው ጫፍ ይመጡ ነበር። ምቀኝነት ነው። ከዚያ አንቺ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ሆንሽ፣ የራስሽን ሱቅ ከፈትሽ፣ እኔም "እንኳን ሄደች" እያልኩ ጥፋቴን የአንቺን ጉብዝና ሳለብሰው ኖርኩ።

አሁን ወደ ጨዋታው ልመለስ። ጥቁሮቼን አገናኘሁ። የመጀመሪያው ውርንጭላ ጥቁር፣ ሁለተኛው ጥቁር። ሦስተኛዋን ስከፍት ዳማ። ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። ለሬዲዮ "ጌሙ ተበላሽቷል" አልኳት። ምን ሆነ ስትለኝ ከሁለት ጥቁር ዳማ ተወለደ፣ አጥር ጥሶ የገባ ሌላ ድንጉላ አለ አልኳት። ሳቋ በር ላይ ያሉትን ደንበኞች አዞረ። "ጋሽ ብሩሽ፣ እዚህ አጥር የት አለና ነው የሚጣሰው? በርም የለ፣ አጥርም የለ። እነዚህ ሁለቱ ናቸው የወለዷት" አለችኝ።

በርም የለ አጥርም የለ ስትለኝ አንቺ የምትዘጊው በር ትዝ አለኝ። እሷ ሳታውቀው ማስረዳቷን ቀጠለች። ውርንጭላ ቀለሙን አንድ ከእናቱ አንድ ከአባቱ ይወስዳል አለች። ጥቁሩ ቀዩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እናትም አባትም ከሥር የደበቁትን ቀይ ከሰጡት ዳማ ሆኖ ይወጣል። አስቢው እስቲ፤ በእኔ ሙያ ቀለም አንዴ ከተቀላቀለ ተቀላቀለ ነው፣ ማንም ለይቶ አያወጣውም። በፈረስ ግን ቀለም አይቀላቀልም ለካ። ከስንት ትውልድ በታች ተኝቶ፣ ምንም ሳይደበዝዝ፣ እንዳለ ይነሣል። ያን ቀን አንዲት አስተማሪ ለክፍሏ የሰማይ ቀለም አዝዛኝ ነበር፤ ምን እንደጨመርኩበት እንጃ፣ ክዳኑን ከፍታ "ይኼ ሰማይ ሊዘንብ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ በጨዋታ ሰው አይፈረድበትም አይፈታምም ብዬ አመነታሁ። የእንስሳት ሐኪሟ ለክሊኒኳ ነጭ ቀለም ልትገዛ ስትመጣ ጠየቅኋት። "ሁለት ጥቁሮች ዳማ ይወልዳሉ፣ የታወቀ ነው። ሁለት ዳማዎች ናቸው ጥቁር የማይወልዱት" አለችኝ። ፈረስ አለዎት ወይ ስትለኝ አዎ አርባ ሁለት አልኳት፤ የት ቢያደርጓቸው ነው በሚል ዓይን ጫማዬን አየችው።

ይሁንና "ይቻላል" ማለት "ሆኗል" ማለት አይደለም። አንዴ በ"ይሆናል" በድዬሻለሁና በሌላ "ይሆናል" ልክስሽ አልፈለግሁም። ስለዚህ አባባ በቀልድ "ባልደራስ" የሚሏቸውን ያን ፈረስ ጠባቂያችንን ፈልጌ አገኘኋቸው። በሕይወት አሉ፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጆሯቸው ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር አእምሯቸው ምላጭ ነው። ያቺ ዳማ ውርንጭላ ትዝ ትልዎታለች ወይ ስላቸው "አንድ ሰኮናዋ ነጩ?" አሉኝ። ከየት የመጣች ይመስልዎታል አልኳቸው። "ከእናቷ ነዋ" አሉ። አባቷስ ስላቸው "ጥቁሩ ነዋ፣ ሌላ ማን አለ?" አሉ። የጋሪ ነጂው ዳማ አይደለም ወይ አልኳቸው። መጀመሪያ አልሰማሁም አሉ። ጮክ ብዬ ስደግምላቸው በትራቸውን ጥለው መሳቅ ጀመሩ፣ እንባቸው እስኪፈስ። "የጋሪው ፈረስ? እሱ እኮ የተኮላሸ ነበር። ገና ሲገዛው ተኮላሽቶ ነው የመጣው። ከእሱስ ጋሪው ቢያስረግዛት ይቀላል" አሉኝ።

እኔም ሳቅሁ፣ እህቴ፣ አልዋሽሽም። ሳቄ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ያ ሁሉ ሰው፣ አባባ፣ አጎታችን፣ እኔ፣ ሰፈሩ፣ አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየም። ለምን አልተናገሩም ብዬ ጠየቅኋቸው። "ማን ጠየቀኝ? እናንተ ሳሎን ታወራላችሁ፣ እኔ ጋጣ ነኝ። ልጅቷን ሙያ ትማር ብለው የላኳት መስሎኝ ነበር። በሩን እንደሆነ እሷ ከዘጋችው በኋላ እኔም ማታ ማታ እገፋው ነበር፤ አንድ ቀን ተከፍቶ አላገኘሁትም" አሉኝ።

በሰው ፊት የተባለ ነገር በጓዳ አይመለስም ብዬ እሑድ ከጸሎት ስንወጣ አጎታችን ቤት ሄድኩ። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ተሰብስበው ነበር። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የጋሪውን ፈረስም፣ ዝምታዬንም። አጎታችን "ይኼን ያረጀ ነገር አሁን ምን ቆሰቆሰህ?" አለኝ። ያረጀሁት እኔ ነኝ፣ ነገሩማ አላረጀም አልኩት። ከዚያ "አባትህ ይኼን ሳይሰማ ሞተ" አለ። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ለእሳቸው የምነግርበት መንገድ ጸሎት ብቻ ነው፣ እሱን አላቋረጥኩም።

ማክሰኞ የተወለደችው ዕንቁ የእነዚያው ጥቁሮች ልጅ ናት። ቀዩ ብቻ አልነበረም የተደበቀው፤ ዕንቁውም በሁለቱም ሥር ተኝቶ ኖሯል። ሁለቱ ድብቆች በአንዲት ውርንጭላ ላይ እስኪገናኙ ሃያ ሦስት ጊዜ አስወለድኩ። ሬዲዮ ስታያት ወንበሯን ገፍታ ተነሣች፣ ደንበኛ ሂሳብ ይዞ ቆሟል። የአንቺን ነገር ነግሬያት ነበርና በእህትህ ስም ጥራት አለችኝ። አልጠራኋትም። ስምሽን ፈረስ ላይ ለጥፌ ይቅርታ የጠየቅሁ እንዳይመስለኝ ፈራሁ። ይቅርታ የምጠይቅሽ እዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። እንዳትቸኩዪ ደግሞ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያስጠበቅሁሽ ሰው ነኝና መልስሽ በፈለገው ጊዜ ይምጣ፣ ባይመጣም ፍርዱ የአንቺ ነው። ደስታዬ ግን አልደበቅ አለኝ። እውነቱን የተናገረች እህት እንደነበረችኝ በዚህ ዕድሜዬ ማወቄ እንደ ልጅ አስፈንጥዞኛል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ለሳሉ ሙቅ ውኃ እንጂ ክርክር እንደማይበጀው ንገሪልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዲያልፍ በጸሎቴ አልረሳውም። መካከለኛው ቁመቱ ከበሩ እኩል ሆነ የተባለው እውነት ከሆነ ፎቶግራፍ ላኩልኝ። ትንሿ ልጅሽ ባለፈው ወር ስልኩን ነጥቃሽ "አጎቴ፣ እማዬ ፈረስ ሲመጣ ለምን መንገድ ታቋርጣለች?" ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ እኔም አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ ብዬ ገሠጽኳት። ጥያቄዋ ተገቢ ነበርና መልሱን ከእኔ ተቀብለሽ አንብቢላት፤ እናትሽ ልጅ ሳለች የፈረሶቹን በር በየማታው ትዘጋው ነበር፣ ያን ማታም ዘግታው ነበር፣ አጎትሽ ነው ዝም ያለው።

ታላቅ ወንድምሽ

ከቀለም ሱቁ በላይ ካለው ቤት
ሐሙስ፣ ጥር 23 ቀን