ከወታደሮችህ እግር ሥር የተፋቀው ሣር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው የአቧራ ወቅት ገባ። ሰሃፋ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደምታውቀው ነው፤ መስኮቱን ዘግተነውም አቧራው ይገባል። ቴፕ የምትጠግንበትን ሱቅ አንድ ልብስ ሰፊ ተከራይቶታል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደኅና ናት። ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩት ትናንሽ ወታደሮችህ የቆሙበትን ቁም ሣጥን ግን ቆልፌ ቁልፉን እኔ ይዤ ነበር። ምክንያቱን ልንገርህ።

ጓደኛህ ኡስታዝ ሙርተዳ ከቀብርህ በኋላም ዓርብ ዓርብ ከኦምዱርማን መምጣቱን አላቋረጠም። ከእማዬ ጋር ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ሄዶ ቁም ሣጥኑ ፊት ይቆማል። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ «ወላሂ፣ በዚህ ፀሐይ ድልድይ ተሻግሮ ለእርሳስ ብሎ የሚመጣ ወንድ አይቼ አላውቅም! ንቂ እንጂ አንቺ ልጅ» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን የጠረጠርሁት ሌላ ነገር ነው። ሁለታችሁ የመተማን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ልታጋጥሙ ስትዘጋጁ የኖራችሁ ናችሁ፤ የደርቡሹ ጦር የአገሬው ሰው የእርሱ፣ የደገኛው የአገራችን ጦር የአንተ። «ያላለቁትን ፈረሰኞች ስጪኝና መቆሚያቸውን ልጨርስላቸው» ሲለኝ ጦርህን ጠቅልሎ ሊወስድ የፈለገ መሰለኝ።

ስለ መቆሚያው የተከራከርነውን አልረሳሁም። ወታደሩ የሚጣበቅባት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ የሚደረገው አፈር ሠራዊቱ የት እንደቆመ ይናገራል ብለኸኝ ሦስት ናሙና መስኮቱ ላይ ደረደርህ፦ የዓባይ ዳር አሸዋ፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር የመረሬ አፈር፣ ሣር እንዲመስል አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ። እኔ የአገራችን ሰው በአገራችን ሣር ላይ ይቁም አልሁ። «አንቺ እኮ አገርሽን የምታስታውሺው በክረምት ብቻ ነው» ብለህ ሳቅህብኝ፤ ግን እሺ አልኸኝና ሰጋቱራውን በእኔ የልብስ ሳፋ ነከርኸው።

ታዲያ አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ ቁም ሣጥኑን ብከፍት ከኋላ ያሉት ረድፎች ሣራቸው በምላጭ ተፍቆ፣ በጥቁር መረሬና በተቃጠለ ገለባ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከሙርተዳ በቀር ማን ይነካቸዋል? በታሪክ ያሸነፈው የእርሱ ወገን ነው፤ አሁን ደግሞ የራሱን መሬት አነጠፈባቸው አልሁና ቁም ሣጥኑን ቆለፍሁት። በሚቀጥለው ዓርብ በር ላይ ጠበቅሁትና «ኡስታዝ፣ አገራቸውን ከእግራቸው ሥር ፍቀው ወሰዱ» አልሁት። «አልነካሁም» ብቻ ብሎ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ተመለሰ፤ ከዚያም ቀረ። መቅረቱን እንደ ማስረጃ ቆጠርሁት።

እማዬ ዓርብ በመጣ ቁጥር በሩን ስታይ ከርማ በመጨረሻ ምን እንዳልሁት ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

«የፋቀው እርሱ ራሱ ነው፤ ወንድምሽ» አለች። «አፈሩን በሻይ ማጥለያ የነፋሁለት ደግሞ እኔ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትሰማ ትከራከረኛለች፣ እኔ ደግሞ አቅም የለኝም ብሎ ለምኖኝ ነዋ። አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ? ሰውየውን ስትጠረጥሪ ነው የከረምሽው።»

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስውል አንተ ታመህ አልጋ ላይ ሆነህ ስታነብ፣ ውጊያው በበጋ ማብቂያ፣ ሣሩ ደርቆ በተቃጠለበት ቆላ እንደነበር ደርሰህበት ኖሯል። ይህንንም ዝም ብዬ አልተቀበልሁም፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ወሩን አረጋገጥሁ፣ ማጥለያውንም ፀሐይ ላይ አየሁት። ጠርዙ ውስጥ ጥቁር አፈር ደርቋል።

ኦምዱርማን ሄጄ የሙርተዳን በር አንኳኳሁ። የእርሱም ጦር ጠረጴዛው ላይ በዚያው መረሬ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ጦሮች በአንድ ምድር ላይ እንዲገናኙ ተስማምታችሁ፣ ለእኔ እንዳይነግር ቃል አስገብተኸው ነበር። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ከአንቺ ቁጣ ይልቅ ለእርሱ የገባሁትን ቃል ማፍረስ ከብዶኝ ነው» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ፈረሰኞቹን ግን አልሰጠሁትም፤ እኔው እጨርሳቸዋለሁ፣ ዓርብ ይምጡና ይግጠሙኝ አልሁት። «ኢንሻአላህ፣ ግን አላዝንልሽም» አለ።

ወንድም ጋሼ፣ ብትነግረኝ በእርግጥ እከራከርህ ነበር። ከዚያም እሸነፍልህ ነበር። ያንን ስለነፈግኸኝ አሁንም አኩርፌሃለሁ።

የመጀመሪያው ረድፍ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው። እማዬ አቅም አንሶህ የተውኸው ነው ትላለች። እኔ ግን ለእኔ ብለህ የተውኸው እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ይህን አንዱን ጥርጣሬ ለማጣራት ማንንም አልጠይቅም፤ ረድፉንም ምላጭ አላስነካውም። እስካለሁ ድረስ በዚሁ አስብሃለሁ።

እህትህ