አባባልሽ ያገኘው ልጅ

ለውድ እናቴ፤ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ይሟገትሻል? ዓይንሽስ? ክር ማስገባቱን ለእህቴ ተይላት ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ ግን አውቃለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

እማዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ደብዳቤውን የምታነብልሽ እህቴም ቀስ ብላ ታንብብ። ወንድሜ ተገኝቷል። በሕይወት አለ፤ ተመስገን።

ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት፣ በሰው አገር ያሉ ልብስ ሰፊዎች በቋንቋችን ስለ ሥራቸው የሚጠያየቁበት ድረ ገጽ እንዳለ በስልክ ነግሮኝ ነበር። ያንን ገጽ ስንቴ አገላበጥኩት መሰለሽ። የሰዉ ወሬ ማለቂያ የለውም። ስሙን ብጽፍ ብጽፍ የለም፤ ለካ እዚያ ሁሉም የሚጻጻፈው በቅጽል ስም ነው።

አንሶላ በምተኩስበት ሆቴል አንዲት እንግዳ ተቀባይ አለች፤ ከአፏ ፉጨት ስለማይጠፋ ፉጨት እንላታለን። ዓይኔ ቀልቶ አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስሙን ተይውና ከወንድምሽ አፍ የማይጠፋ፣ ሌላ ሰው የማይለው ነገር ካለ እሱን ፈልጊ አለችኝ። ወዲያው ያንቺ አባባል ትዝ አለኝ፤ እሱ ለስፌትም ለትዳርም የሚጠቅሳት።

ፉጨት አባባልሽን በጥቅስ ምልክቶች መካከል አስጻፈችኝ፤ እንዲያ ሲሆን ስልኩ ቃላቱን ሳይበታትን እንዳሉ ይፈልጋል። ከፊቱ ሳይት (site) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሁለት ነጥብና የገጹን አድራሻ ሳናራርቅ ጻፍን፤ ይሄ ደግሞ የሰው ደጅ ሁሉ ሳይዞር እዚያው ግቢ ውስጥ ብቻ እንዲፈትሽ ነው። ምንም አላመጣም። ለካ እኔ አባባልሽን አሳምሬ፣ የራሴን ጨምሬበት ኖሯል። አንቺ እንደምትይው አድርጌ ደግሜ ጻፍኩት፤ አንድ መልስ ብቻ መጣ። አንድ ሰፊ ሸሚዝ አበላሽቶ ሲያማርር ሌላው ያጽናናዋል፦ «እናቴ እንደምትለው፣ ጨርቁ ይታገሣል፤ መቀሱ ነው የሚቸኩለው።» አንቺን ሳያዛንፍ። ካውያውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ የሆቴሉንም የትራስ ልብስ አቃጠልኩ።

ጻፍኩለት፤ መለሰልኝ። እማዬ፣ የጠፋው ጨክኖ አይደለም። የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ቀኝ እጁን ጎድቶት ሁለት ጣቶቹን አጥቷል። መርፌ አያያዝ ያስተማርሽው ልጅ ይህን በምን አፉ ይንገርሽ? አፍሮ ዝም አለ፤ ዝምታው ሲከርም ደግሞ መልሶ መደወሉ ራሱ አሳፈረው። አሁን የስፌት ማሽን እየጠገነ ይኖራል።

ፉጨትን ፈጣሪ ይባርክልኝ። አንቺም ተባረኪ፤ እኛ እየሳቅንብሽ እንኳ ያንኑ ስለደጋገምሽልን። ያኔ ቢሰለችሽ ኖሮ ዛሬ በምን እንፈልገው ነበር?

አባቴን ጉንጩን ስመሽ ሰላም በይልኝ። እህቴን፣ ሳታቋርጥ እስከዚህ ካነበበች፣ ጎበዝ በያት። እርማችሁን አውጡ እያለ ሲጨቀጭቅሽ ለከረመው አጎቴም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ አልቅሺ ቢልሽ እምቢ በማለትሽ ኮርቼብሻለሁ።

ወንድሜ እሑድ ይደውልልሻል። የእጁን ነገር እኔው በአፌ ልንገራት ብሎኝ ነበር፤ እንዳትደነግጪ ብዬ ቀደምኩት። ሲነግርሽ ግን እንዳልሰማሽ ሆነሽ አድምጪው።

ልጅሽ
ከሆቴሉ የልብስ መተኮሻ ክፍል፣ የካቲት 9 ቀን