እማዋይሽና የትራክተሩ ፍሪሲዮን

ግንቦት 14
መለዋወጫ ሱቃችን ዋልኩ። ገበያው ቀዝቃዛ። ለአንድ ባጃጅ የፍሬን ሸራ፣ ለአንድ ገበሬ ቡሎን... ይኸው ነው። ከሰዓት አንዲት ሴት ቱታ ለብሳ ገባች። እማዋይሽ ትባላለች። ከውጭ ለጽጽቃ ገበሬዎች ማኅበር የመጣውን ትራክተር የምትነዳው እሷ ናት። የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቆ ማሳ መሐል ቆሞባታል። ያሲን ወንበሩን ለቀቀላት። ለኔ ለሚስቱ መቼ ለቆልኝ ያውቃል?

ግንቦት 17
ዛሬም መጣች። ሁለቱም የጽጽቃ ልጆች አይደሉ እንዴ? በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ያወራሉ። እኔ የቆቦዋ፣ ሰቆጣ ተድሬ ከመጣሁ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ከሰላምታ አላለፍኩም። ያሲን ሣቀ። ምን ብላው? ስጠይቀው "ስለ ፍሪሲዮን ነው" አለኝ።
ፍሪሲዮን ያስቃል እንዴ?

ግንቦት 23
ከወልዲያ ያዘዘው ሸራ ደረሰ። ራሱ ይዞት ጽጽቃ ሄደ። አመሻሹ ላይ ተመለሰ፤ እጁ በግራሶ ጠቁሮ፣ ፊቱ ወድቆ። ስፋቱ ልክ ነው፣ መሐሉ ላይ ያለው ጥርስ ግን አልገባም። ለካ በዚያ ስም ትራክተር ሁለት አገር ይሠራል፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም።
አዘንኩለት? እውነቱን ልጻፈው... ደስ አለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ካልገጠመ እኮ እንደገና ትመጣለች።

ግንቦት 28
ራት ላይ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። ደጅ ወጥቶ አወራ። ለምን ደጅ? ሲገባ፣
"ከእማዋይሽ ጋር ኮምቦልቻ ሄደን በዓይናችን ካላየነው አይሆንም" አለ።
"ታድራላችሁ?"
"ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የት ይሆናል?"
"እኔ እሄዳለሁ።"
"አንቺ ዕቃውን አታውቂው።"
"አሮጌውን ይዘን እንሄዳለን፣ እያስተያየሁ እፈልጋለሁ።"
"እንግዲያው እኔ ሱቁን እጠብቃለሁ" አለ። ልቤን ያነበበው መሰለኝ።

ሰኔ 1
መንገድ ላይ። አሮጌው ሸራ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ እማዋይሽ ጭን ላይ፣ እኔ አጠገቧ። እጇን አየሁት። ጥፍሯ ሥር ግራሶ... ይህን ነው የወደደው?
ወሬ የጀመረችው እሷ ናት። "ማሳ ስደርስ ሁሉም 'ሹፌሩ የት አለ?' ይለኛል። 'ትራክተሩ ሲቆምብሽ ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማ ነበር?' ብሎ እኔን የጠየቀኝ ባልሽ ብቻ ነው።"
"ያን ቀን ሱቅ ምን ብለሽው ነው የሣቀው?" አመለጠኝ።
አሰበች። "አጎቴ 'ትራክተሩ ጠበል ይረጭ' ማለቱን ነግሬው ይሆናል።"
አልቀለለኝም። ባሌን ብትፈልገው ይሻል ነበር፤ እጣላት ነበር። እሷ ግን የራሷ ማሽን አላት። እኔስ ምን አለኝ?

ሰኔ 2
ኮምቦልቻ። ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንዱ "ያው ነው፣ በሞረድ ነካ ነካ ቢደረግ ይገባል" አለን። እማዋይሽ ልትስማማ ደረሰች፤ ዝናቡ መጣ፣ ገበሬው ይጠብቃታል። አሮጌውን አዲሱ ላይ ደረብኩት። ጥርሱ አልተገናኘም።
"ተሞርዶ ገብቶ ደግሞ ማሳ ላይ ቢበላሽ፣ 'ሴት ስለነዳችው ነው' ይሉሻል" አልኳት።
ሸራውን ለባለሱቁ መለሰችለት። ወጣን።
አሥር ሰዓት ግድም ከመስጊዱ ጀርባ፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከመጋዘናቸው አቧራ የለበሰ ሸራ አወጡልን። ደረብኩት። ልክክ አለ። አልሐምዱሊላህ።
"አገኘሽው፣ እህቴ" አለች። እህቴ...

ሰኔ 5
ጽጽቃ። ያሲንና እማዋይሽ ከትራክተሩ ሥር ገብተው ዋሉ። አራቱ እግራቸው ብቻ ይታያል። ጎን ለጎን። ቅናቱ እንደገና ተነሣብኝ።
ሸራው ገጠመ። ትራክተሩ ተነሣ። እማዋይሽ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ መሬቱ ይገለበጥ ጀመር። ያሲንን አየሁት፤ እሱ የሚያየው ማረሻውን ነው። ዓይኔን ከእሷ መንቀል ያቃተኝ እኔ ነኝ። ከፍ ብላ፣ መሪ ይዛ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ሲለቅላት።
በባሌ የቀናሁ መስሎኝ ነበር። በእሷ ነው እኮ የቀናሁት።

ሐምሌ 3
ትናንት የኒሯቅ ሰዎች ለመስኖ ፖምፓቸው የሚሆን ዕቃ ጠፍቶባቸው ሱቅ መጡ። ያሲን ተነሥቶ ተቀበላቸው። "ሰልማ የምትባለዋን ነው የፈለግነው፤ እማዋይሽ ናት የላከችን" አሉት። እኔን! በስሜ።
ዛሬ ዕቃውን ፍለጋ ወደ ወልዲያ ተነሣሁ። ያሲን መነኸሪያ ድረስ ሸኘኝ።
"ብቻሽን?"
"ብቻዬን።"
"ባለሱቆቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው እኮ... የት ታድሪያለሽ?"
"ቆቦ፣ እናቴ ጋ።"
መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል "ይቅናሽ" አለኝ። ፊቱን አየሁት። የቀናው እሱ ይመስላል።