የካርቶኑ መስኮቶች

ጥር 20፣ 1990
ሙቀቱ ዛሬም አያድርስ ነው። ከሲቀላ ሰፈር ወሬ ይዤ ገባሁ። የወይዘሮ ሸዋነሽ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር አስገብቷል። የሠርግ ካርድና ማስታወቂያ የሚሠራበት ሰው በፈተና ይቀጥራሉ። ወንድሜ ጌዲዮን አዲስ አበባ ስድስት ዓመት የሠራው ይህንኑ ነው። ታሞ ባይመጣ ኖሮ...
"አንቺ ትፈተኛለሽ" አለኝ ከአልጋው።
እኔ? ኮምፒውተር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ጥር 22
የሳሙና ካርቶን አስመጣኝና ስክሪን ሳለበት። መስኮት የሚላቸውን የስክሪኑን ሣጥኖች ለየብቻ ከወረቀት ቆረጠ። የመሣሪያዎቹ መስኮት በቀኝ፣ የቀለሞቹ ከሥሩ። ማውሱ የደረቀ የማንጎ ዘር። ስጫነው እሱ በምላሱ "ቀጭ" ይልልኛል። ሳቅንበት።
"ሥራሽን የሸፈነብሽን መስኮት ራሱን ይዘሽ ጎትቺው።"
መስኮትም ራስ አለው ለካ።

ጥር 30
የካርቶኑን እርሳስም ላጲስም ጨፍኜ አገኛቸዋለሁ። ስሳሳት ይቆጣል፣ እያሳለው ይቆጣል። "በይ እንደገና።" ምን አስቸኮለው?

የካቲት 3
እማዬ የዓሣ ሾርባውን በግራው አስቀመጠችለት። እጁን ሲሰድ ደፋው።
"አላየሁትም" አለ።
እማዬ ወጥታ አለቀሰች። እኔ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 9
ተፈተንኩ። ስክሪኑ ሲበራ መሣሪያዎቹ በግራ ናቸው። እጄ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ባዶ። ላብ አጠመቀኝ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ከኋላዬ ቆመዋል። ጌዲዮን ረስቶት ነው? እሱ ይረሳል? ከዚያ የመስኮቱን ራስ ይዤ ጎተትኩት። ተንሸራቶ መጣ። ሁሉንም እንደ ካርቶኑ ደረደርኩ። ከዚያ በኋላ አልተቸገርኩም።
ሾርባው ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ እያለም ግራ ዓይኑ ደክሞ ነበር ማለት ነው... መስኮቶቹን ሁሉ ወደሚያይበት በኩል ጎትቶ ሲሠራ ኖሯል። ለማን ነገረ? ለማንም።
ስገባ ነቅቶ ነበር። "እንደ ካርቶኑ ሆኖ አገኘሽው?"
"ቁርጥ እሱን" አልኩት።
ደስ አለው። ውሸት እንዲህ ይከብዳል?

የካቲት 17
ጌዲዮን አረፈ።

መጋቢት 8
ከማተሚያ ቤቱ ተላከብኝ፣ ሥራውን አግኝቻለሁ። እማዬ "ሂጂ፣ የሱ ድካም ነው" አለችኝ። ካርቶኑን ከልብሱ ጋር አስቀምጣዋለች። የማንጎ ዘሩ ግን የለም። ለቀስተኛ የበዛ ጊዜ አንዱ ጠርጎ ጥሎት ይሆናል። ጓሮ ወጥቼ ቆሻሻውን በእጄ በተንኩ። አላገኘሁትም። ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን እዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መጋቢት 23
አብራኝ የምትሠራው ባዩሽ ስትወጣ መስኮቶቹን ወደ ግራ ትመልሳቸዋለች። እኔ ጠዋት ወደ ቀኝ እጎትታቸዋለሁ። ዛሬ ሰለቻት።
"ሰው ሁሉ በግራ አይደል እንዴ የሚሠራው? የት ነው እንዲህ የተማርሽው?"
"ቤት።"
"ቤት ኮምፒውተር አላችሁ?"
"ነበረን" አልኳት።