ሞልቶ ስለማይነሳው ሚኒባስ

ለተከበሩ አቶ ቺምፔምፔ ሲያሜ
የካሎንጎ ከተማ ትራንስፖርት ኃላፊ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሾፌርዎም ጭምር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የመናኸሪያው ሰዎች ቁጭ ብለን ስለምንውል እግራችን ደህና አርፏል።

የከተማው አውቶቡስ በመንግሥት ይመራ ወይስ ለነጋዴ ይተው በሚለው ጉዳይ ላይ ያወጡትን ጥናት በአክብሮት አነበብኩ። መናኸሪያ ላይ ሦስት ቀን ተሳፋሪ አስቆጥረው ሚኒባሶቹ ሁሉ ሙሉ መሆናቸውን ስላረጋገጡ፣ ነጋዴው በቂ አገልግሎት እየሰጠ ነው፣ መንግሥት ጣልቃ መግባት አያሻውም ብለው ደምድመዋል። ድካምዎን እያመሰገንኩ ጥቂት ነጥቦች ላክልበት።

፩. እዚህ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም፤ ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ማንም አይገባም። ስለዚህ ረዳቶቹ በአንድ ሰሃን የንሺማ ገንፎ ተሳፋሪ መስለው የሚቀመጡ ሰዎች ይቀጥራሉ። እውነተኛ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር አንዱ «መጣሁ» ብሎ ይወርዳል። ክቡርነትዎ በጥንቃቄ ያስቆጠሩት እነዚህን ነው።

፪. ባለቤቴ ናማካው ኩላሊቷን ስለምትታመም ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደሟ በማሽን ይታጠባል። ባለፈው ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብተን ተቀመጥን። ረዳቱም «አባባ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ አሁን እንነሳለን» አለኝ። ያ አንድ ሰው እስኪሞላ ዘጠኝ ሰው ወረደ። ስንደርስ ማሽኑ ለሌላ ታማሚ ተሰጥቷል። እስከ ሰኞ ድረስ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፤ እኔም፣ አልዋሽዎትም፣ ፈርቼ ነበር።

፫. እውነቱን ለመናገር የድሮው የመንግሥት አውቶቡስም የሚናፍቅ አልነበረም። እሱ አይመጣም ነበር፤ የነጋዴው ይመጣል እንጂ አይሄድም። ስለዚህ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ሦስት ሰው ብቻ ቢይዝም በሰዓቱ እንዲነሳ የሚያስገድድ ደንብ እንዲያወጡልን በትሕትና እለምናለሁ።

ክቡርነትዎ የሚሄዱበት መኪና፣ ብቻዎን ቢሆኑም፣ በየማለዳው ሳይሞላ እንዲነሳልዎ ከልብ የምመኝ፣

ሉባሲ ሙኬላባይ
ጡረተኛ መምህር

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በጥናትዎ ገጽ ዘጠኝ ፎቶ ላይ «በአገልግሎቱ የረካ ተሳፋሪ» ያሏቸው ባለ አረንጓዴ ባርኔጣው ሰው ጎረቤቴ ሚስተር ካፓሶ ናቸው። በሆስፒታሉ መስመር ሚኒባስ ውስጥ አራት ዓመት ተቀምጠዋል፣ ሆስፒታሉን ግን አይተውት አያውቁም። ናማካው ላይ የደረሰውን ሲሰሙ ሥራውን ትተዋል፤ በሚቀጥለው ቆጠራዎ አንድ ሰው ቢጎድልብዎ እንዳይደነግጡ።