ልጁን «አልቅስ» በማለትህ

አባዬ፣ አላህ ይዘንልህ። ደባርቅ ላይ ያላንተ አንድ ክረምት አለፈ፤ ገብሱም ታጭዶ ገባ። የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

መድረሳህ አልተዘጋም። ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው ክፍል ዛሬም በልጆች ድምፅ ትሞላለች። አንተ ቁርዓን ከማስቀራትህ በፊት በሩ ላይ ቆመህ «ልብህ እንዴት አደረ? ልብሽስ?» እያልህ እያንዳንዳቸውን ትጠይቅ ነበር። የተጣሉት ሳይታረቁ ትምህርት አትጀምርም። የተቆጣውን «ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ንገረኝ» ትለው ነበር። በእጅህ አለንጋ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ አብዮት ጠባቂዎች የተማሪህን የሰዒድን ወንድም ዳባት መንገድ ላይ ገድለው ጣሉት። እናቱንም እንዳታለቅስ ከለከሏት። ሰዒድ የእንጨት ሰሌዳውን ታቅፎ መጣ፤ አፉ አልከፈት አለው። «አልቅስ ልጄ፣ ነቢያችንም ልጃቸው ሲሞት አልቅሰዋል» አልኸው። ልጆቹም ከበውት አብረው አለቀሱ።

በማግስቱ የቀበሌው ካድሬ መጣ። «ለፀረ አብዮተኛ ለቅሶ ትቀመጣለህ! የልጆችን ሆድ እየበረበርህ ምስጢር ትለቅማለህ!» ብሎ ልጆቹ ፊት አስሮ ወሰደህ። ከእስር ቤት የመለሱልን ሬሳህን ነው።

ያን ጊዜ አብሮህ የሚሰግደው ጀማዓ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ይህን ይቅር አልልም። በምትክህ ያመጡት ሰው የሚያስቀራው በአለንጋ ነው፤ እነሱም «ልጆቹን ጨዋ አደረጋቸው» ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ሰዒድ አንዲት ፊደል ቢሳሳት ጀርባውን ተለተለው። ጩኸቱን ሰምቼ ገባሁና አለንጋውን ከእጁ ነጠቅሁት።

ሽማግሌዎቹ ቤታችን ድረስ መጡ። «ሴት ልጅ መድረሳ ገብታ አስተማሪ ታዋርዳለች?» አሉኝ።

«አባቴን ሲያስሩት ይህን ድምፃችሁን የት አኑራችሁት ነበር?» አልኋቸው።

እነሱ እንደሄዱ የሰዒድ እናት ልጇን ይዛ መጣች። «አንቺ አስቀሪልኝ» አለችኝ። ሌሎቹ እናቶችም ተከተሏት። አሁን ጠዋት ጠዋት ቤታችን ይጠብበናል። ካድሬው «እዚያ ቤት ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠይቋል አሉ። ይምጣ!

ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ ትለኝ ነበር። ልጆቹን ይህንኑ አስተምራቸዋለሁ፤ ለራሴ ግን አልቻልሁበትም።

አልረሳህም አባዬ። ትናንት አንዲት ትንሽ ልጅ «ሸህየውን ማን ገደላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቷ ደንግጣ በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። እኔ ግን ነገርኋት። ወደፊትም ለጠየቀኝ ልጅ ሁሉ፣ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ እነግራለሁ።

ልጅህ