ማረሻ በመርጫ

ይድረስ ለክቡር አባቴ ለአቶ ይሻው፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ፋሻውን ፈታልዎ? የአዲስ አበባ ምግብ ተስማማዎ? እኛ በእመቤታችን አማላጅነት ደህና ነን፤ እናቴም፣ በጎቹም፣ ወናፉም። እህቴ ፍቅርተ ይህን ስታነብልዎ እባክዎ እስከ መጨረሻው ይስሙ፤ መሐል ላይ ዱላዎን አይፈልጉ።

ሲሄዱ «የውሃ ገንዳውን እንዳትነካ» ብለውኝ ነበር። አልነካሁትም። ችግሩም እሱ ነው፤ የጋለ ማረሻ ገንዳ ውስጥ መንከር ከተውሁ ወር ሆነኝ።

ከመኪና ባሌስትራ የምንቀጠቅጠው ማረሻ ከእሳት ወጥቶ ውሃ ሲነካ በየሳምንቱ አንድ ሁለቱ ይሰነጠቅ እንደነበር ያውቃሉ። አንዱ ጎን ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ገና ይግላል። ስለዚህ ከጎረቤታችን ከማሩ ያልተጀመረ የፀረ አረም መርጫ ተውሼ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ ጀርባዬ ላይ አዘልሁት። የጋለውን ማረሻ ጫፉን አብዝቼ፣ ወገቡን አሳንሼ ረጨሁት። ጫፉ ጠነከረ፣ ወገቡም አልተሰነጠቀም።

ታዲያ ወይዘሮ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በበሩ አይተውኝ ኖሯል። እኔ ስረጭ፣ ብረቱ ሲጮኽ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ አዩና «የይሻው ልጅ ማረሻ ጠበል እየረጨ ጋኔን ያስለቅቃል» ብለው ለሰፈሩ አዳረሱት። በማግስቱ ገበሬው ማረሻውን ይዞ ተሰለፈ። አንዱማ ጭራሽ የሚወጋ በሬውን እየነዳ መጣ። የቧንቧ ውሃ ነው ብል ማን ይስማኝ። በመጨረሻ መሪጌታ ሙላቴ ተቆጥተው መጡ። አንድ ማረሻ ስረጭ ቆመው ተመለከቱና «ይኼስ ጥበብ ነው፤ ያን በሬ ግን ወደ ቤቱ ስደደው» አሉኝ።

የጋፋቱ ገበሬ ጌጡ አንዱን ማረሻ ወስዶ ድንጋያማ መሬቱን አረሰበት። ትናንት መጥቶ «የይሻው እጅ እንደ ጥንቱ ሆነ» አለኝ። እኔ ነኝ አላልሁም።

አባቴ፣ አንድ የደበቅሁዎ ነገር አለ። ጥፋቱ የገንዳው ብቻ አልነበረም። የብረቱን ቅላት መለየት ካቃተዎ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አብዝተው ያግሉት ነበር። ከነገርሁዎ በላይ ብዙ ነው የተሰነጠቀው፤ ቢያውቁ መዶሻውን ይጥላሉ ብዬ ፈርቼ ከጓሮ እቀብረው ነበር። ይቅር ይበሉኝ። አሁን እኔም ቅላቱን የምለየው በግምት ነው። መርጫው ውሃ ይረጫል እንጂ መቼ እንደሚበቃ አይነግረኝም። ፋሻው ሲፈታ ይምጡና አጠገቤ ቆመው «አሁን» ይበሉኝ።

እናቴ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላከችውን በርበሬ ለፍቅርተ አድርሱልኝ ብላለች። ለፍቅርተ፣ ለባሏ ለዳኛቸው፣ ለትንሿ ካሰች የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እርስዎን ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ ደሳለው ይሻው
ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.